ዘላቂ ልማትን ከዶክትሬት ትምህርት ጋር ስለማዋሐድ፤ የሐሮማያ ሐይቅ እንደ አብነት

መግቢያ

በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው አውራ ጎዳና አጠገብ የሚገኘው የሐሮማያ ሐይቅ፣ በቀድሞው አጠራር የዓለማያ ሐይቅ፣ ለብዙ ዘመን ለአካባቢው ሕዝብ የኑሮ መሠረት ሆኖ ቆይቷል። የሐረር ከተማ ነዋሪ የመጠጥ ውሃውን ከዚህ ያገኝ ነበር፤ በዙሪያው ያለው ገበሬ አትክልቱንና ጫቱን ያጠጣበት፣ ከብቱን ያረካበት ነበር፤ የውሃ ወፎችም ይሰፍሩበት ነበር። ይሁን እንጂ ሐይቁ ከዓመት ወደ ዓመት እየሸሸና እየጎደለ ሄዶ እስከ 2005 ባለው ጊዜ ውስጥ ደረቀ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከብት በሐይቁ ወለል ላይ ይግጥ ጀመር፤ የሐረር ከተማም ውሃዋን ከሩቅ ጉድጓዶች ለማስመጣት ተገደደች።

ጉዳዩን በተለይ ለትምህርት ሰዎች አሳሳቢ የሚያደርገው ሐይቁ የሚገኝበት ሥፍራ ነው። ከዳርቻው ብዙ ሳይርቅ ከአገሪቱ ቀደምት የእርሻ ከፍተኛ ትምህርት ተቋሞች አንዱ፣ የዛሬው የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ስለ አፈርና ስለ ውሃ፣ ስለ ሰብልና ስለ ደን የተማሩ ሰዎች በየዕለቱ በሐይቁ አጠገብ ያልፉ ነበር። ውሃው ሲጎድል ያላየ፣ ስለመጉደሉም ያልተነጋገረ አልነበረም። ይህ የሚነሣው አንድን ተቋም ለመውቀስ አይደለም፤ የሐይቁ አስተዳደር በዩኒቨርሲቲው እጅ አልነበረምና። ጥያቄው ከዚያ የሰፋ ነው። ከፍተኛ እውቀትና ሊጠፋ የተቃረበ የተፈጥሮ ሀብት ጎን ለጎን እየኖሩ አንዱ ሌላውን ለማዳን ሳይችል የሚቀረው ስለምንድን ነው? የከፍተኛ ትምህርት የመጨረሻው ደረጃ የሆነው የዶክትሬት ትምህርትስ ይህን ክፍተት ለመሙላት እንዴት ሊደራጅ ይገባዋል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ማብራራት ነው።

የዘላቂ ልማት ጽንሰ ሐሳብ

ዘላቂ ልማት የሚለው አነጋገር በዓለም አቀፍ መድረክ ከመስፋፋቱ በፊት ሐሳቡ በገበሬው ዘንድ የታወቀ ነበር። ገበሬ በክፉ ቀንም ቢሆን ለዘር ያስቀመጠውን እህል ለመብላት ያመነታል፤ የዘንድሮን ረሀብ በዘሩ ቢያስታግስ የመጪውን ዓመት አዝመራ እንደሚያጣ ያውቃልና። የዛሬውን ፍላጎት ለማሟላት ሲባል የነገው ትውልድ የሚኖርበትን ሀብት ላለማጥፋት መጠንቀቅ የዘላቂ ልማት ዋነኛ ፍሬ ነገር ነው።

ይህ ሐሳብ በዓለም አቀፍ ደረጃ መልክ የያዘው ደረጃ በደረጃ ነው። በ1972 በስቶክሆልም የተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የሰው ልጅ አካባቢ ይዞታ የመንግሥታት ጉዳይ መሆኑን አስታወቀ። በ1977 በትብሊሲ ከተማ የተደረገው ጉባኤ ደግሞ የአካባቢ ትምህርት በየትኛውም የትምህርት ደረጃ ሊሰጥ የሚገባው መሆኑን አስገነዘበ። በ1987 በኖርዌይዋ ጠቅላይ ሚኒስትር በወይዘሮ ግሮ ሀርሌም ብሩንትላንድ ሰብሳቢነት የሠራው ኮሚሽን፣ ዘላቂ ልማት ማለት መጪዎቹ ትውልዶች ፍላጎታቸውን ለማሟላት ያላቸውን ችሎታ ሳይጎዳ የአሁኑን ትውልድ ፍላጎት የሚያሟላ ልማት ነው የሚለውን ትርጓሜ አቀረበ። በ1992 በሪዮ ዲ ጃኔሮ የጸደቀው የሥራ መርሐ ግብር ለትምህርት የተለየ ምዕራፍ ሰጠ። ከ2005 እስከ 2014 ያሉት ዓመታት የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ትምህርት አሠርት ዓመታት ተብለው ተሰየሙ። በ2015 ደግሞ እስከ 2030 የሚደረስባቸው 17 የዘላቂ ልማት ግቦች ጸደቁ። ከእነዚህ መካከል አራተኛው ግብ ስለ ትምህርት ሲሆን፣ በሥሩ ከተዘረዘሩት ዒላማዎች አንዱ ተማሪዎች ሁሉ ለዘላቂ ልማት የሚያስፈልገውን እውቀትና ሙያ እንዲያገኙ የሚጠይቅ ነው።

ተማሪዎች ሁሉ ሲባል የዶክትሬት ተማሪም ይገኝበታል። ሆኖም ስለ ዘላቂ ልማት ትምህርት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ነው። በትምህርት ቤት ግቢ ችግኝ መትከል፣ ስለ አፈር መሸርሸር ማስተማርና የመሳሰሉት ተግባሮች ጠቃሚ መሆናቸው አያጠራጥርም። ነገር ግን የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችን አሠልጣኞች የሚያስተምረው፣ የመማሪያ መጻሕፍትን የሚያዘጋጀውና ለዕቅድ ሰዎች ማስረጃ የሚያቀርበው በአብዛኛው ከፍተኛውን ትምህርት ያጠናቀቀው ምሁር ነው። የእርሱ አስተሳሰብ በተቃና ቁጥር ከእርሱ በታች ያሉት ደረጃዎች ይጠቀማሉ፤ በጠበበም ቁጥር ይጎዳሉ።

የዶክትሬት ትምህርት በኢትዮጵያ፤ አጭር ታሪካዊ ዳራ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ተመሠረተ። በ1961 ልዩ ልዩ ኮሌጆች ተጠቃለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ፤ በኋላም ይኸው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በእነዚህ ዓመታት ኢትዮጵያዊ የዶክትሬት ዲግሪ የሚያገኘው ወደ ውጭ አገር ሄዶ ብቻ ነበር። በዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1978 ሲሆን፣ የዶክትሬት ትምህርት የተጀመረው በ1987 ነው።

በውጭ አገር የተገኘው ትምህርት ለአገሪቱ ብዙ ምሁራንን አፍርቷል። ይሁንና አንድ ጉድለት ነበረበት። የምርምሩን ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚወስነው የዚያ አገር ቤተ ሙከራ፣ የዚያ አገር የምርምር ገንዘብና የዚያ አገር አማካሪ ነበር። በአገር ውስጥ የዶክትሬት ትምህርት መከፈቱ ይህን ሁኔታ ለመለወጥ ዕድል ሰጠ። እስከ 1990 ድረስ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት የአዲስ አበባ፣ የአስመራና የዓለማያ ብቻ የነበሩ ሲሆን፣ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በልጧል። የእነዚህ ተቋሞች መምህራን ማዕረጋቸውን ከፍ ለማድረግ የዶክትሬት ትምህርት ይሻሉ፤ በዚህም ምክንያት የዶክትሬት ፕሮግራሞች በብዛት ተከፍተዋል። ስለሆነም ዛሬ የሚነሣው ጥያቄ ስንት ዶክተሮች ይመረቁ የሚለው ብቻ አይደለም። ምን ዓይነት ጥያቄ ለመመርመር የሠለጠኑ ናቸው የሚለው ጭምር ነው።

በዚህ ረገድ ያለፈው ዘመን ሁለት ልምዶች ሊታወሱ ይገባል። የመጀመሪያው የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ አመሠራረት ነው። ኮሌጁ በ1952 ኢትዮጵያ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ባደረገችው ስምምነት መሠረት በኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒክ ኮሌጅ ርዳታ ሲቋቋም፣ ማስተማር፣ መመራመርና የምርምርን ውጤት ለገበሬው ማድረስ የሚሉ ሦስት ተግባሮች በአንድነት ተሰጥተውት ነበር። ከጊዜ በኋላ የኤክስቴንሽኑ ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ፤ አገር አቀፉን የእርሻ ምርምር የሚመራ ኢንስቲትዩትም በ1966 ለብቻው ተቋቋመ። ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ መሥሪያ ቤት መኖሩ ጥቅም ቢኖረውም፣ ጥያቄው ከሚፈልቅበት ማሳ አንሥቶ መልሱ ተመልሶ እስከሚደርስበት ማሳ ድረስ ያለውን ሰንሰለት በተለያዩ እጆች ላይ አስቀመጠው።

ሁለተኛው ልምድ በ1964 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። በዚህ ደንብ መሠረት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየተመደበ፣ በአብዛኛው በመምህርነት፣ ያገለግል ነበር። ተማሪው ሰጪ ብቻ ሳይሆን ተቀባይም ነበር፤ የአገሩን ኑሮ በዓይኑ አይቶ ይመለሳልና። የከፍተኛ ትምህርትን ከሕዝብ ኑሮ ጋር የማገናኘት ሐሳብ በኢትዮጵያ እንግዳ አለመሆኑን እነዚህ ሁለት ልምዶች ያስረዳሉ።

ከአገር ልጆች የምርምር ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ስለ ዘላቂነት የሚደረግ ምርምር ምን ሊመስል እንደሚችል ከሁለት የታወቁ ሥራዎች መማር ይቻላል።

የመጀመሪያው የእንዶድ ምርምር ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ አካባቢ የብልሃርዝያ በሽታን ሥርጭት ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው የወንዙ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን አስተዋሉ። ብልሃርዝያ አስተላላፊው ይህ ቀንድ አውጣ ስለሆነ፣ በየቤቱ ለሳሙናነት የሚያገለግለው ፍሬ በሽታውን ለመከላከል ሊረዳ እንደሚችል ተገነዘቡ። ከዚያ በኋላ ሥራው ከአንድ ሰውና ከአንድ ሙያ በላይ ሆነ። በፍሬው ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር ለመለየት ኬሚስት፣ ለሰውና ለከብት ያለውን ጠንቅ ለመመርመር የመርዝ ጥናት ባለሙያ፣ ምርታማውን የእንዶድ ዓይነት መርጦ ለማልማት ደግሞ የእርሻ ባለሙያ አስፈለገ። ከዶክተር አክሊሉ ጋር በዚህ ሥራ የተባበሩት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ሲሆኑ፣ ሁለቱ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በአንድነት ተቀብለዋል። በወንዝ ዳር ከታየው ነገር አንሥቶ እስከዚያ ሽልማት ሃያ አምስት ዓመት አልፏል። ጥያቄው ከሕዝብ ኑሮ ውስጥ መፍለቁ፣ መልሱም የብዙ ሙያዎችን ኅብረትና ረጅም ጊዜ መጠየቁ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ሁለተኛው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ለማግኘት የተደረገው ምርምር ነው። ዶክተር ገቢሳ ኤጄታ በ1973 ከዓለማያ ኮሌጅ ተመርቀው የዶክትሬት ትምህርታቸውን በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ አጠናቀዋል። አቀንጭራ በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ ምግቡን የሚመጥ ጥገኛ አረም ነው። ዘሩ በመሬት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይቆይና የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካላዊ ምልክት ሲደርሰው ብቻ ይበቅላል። ዶክተር ገቢሳ ከአንድ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ጋር ተባብረው ይህን ምልክት እጅግ በጥቂቱ የሚያመነጩ የማሽላ ዓይነቶችን ለይተው በማዳቀል አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን አወጡ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። ዘሩ ለገበሬው ሲቀርብ ግን ለብቻው አልቀረበም። የአፈሩን ለምነት ከመጠበቅና እርጥበትን በማሳው ውስጥ ከማቆየት ዘዴ ጋር ተቀናጅቶ ነበር። አቀንጭራ የሚበረታው አፈሩ በተራቆተበት ቦታ ስለሆነ፣ መሬቱ ካላገገመ ዘሩ ብቻውን ዘላቂ መፍትሔ አይሆንምና።

ከሁለቱ ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት ተመሳሳይ ነው። ምርምሩ በአንድ ሙያ ውስጥ ጥልቅ ነበር፤ በዚያው ግን አልታጠረም። ጥልቀትና ስፋት የማይጣጣሙ ነገሮች አለመሆናቸውን ሁለቱም ያሳያሉ።

ማዋሐድ ሲባል ምን ማለት ነው

ዘላቂ ልማትን ከዶክትሬት ትምህርት ጋር ማዋሐድ በሦስት መንገዶች ሊታሰብ ይችላል።

የመጀመሪያው መንገድ ስለ ዘላቂ ልማት የሚሰጥ አንድ የትምህርት ዓይነት በፕሮግራሙ ላይ መጨመር ነው። ይህ ቀላሉ መንገድ ነው፤ ለግንዛቤም ይጠቅማል። ነገር ግን ተማሪው ፈተናውን ካለፈ በኋላ ምርምሩን ቀድሞ በነበረው አኳኋን ሊቀጥል ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ የምርምሩን ርእስ ከዘላቂ ልማት ጉዳዮች መካከል መምረጥ ነው። ይህ ከመጀመሪያው የተሻለ ቢሆንም አደጋ አለበት። ዘላቂ ልማት የሚለው ቃል በጥናቱ ርእስና መግቢያ ላይ ተጽፎ በጥናቱ ሥጋ ውስጥ ግን ሳይገኝ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለው ነገር ስያሜ እንጂ ውሕደት አይደለም።

ሦስተኛው መንገድ የዘላቂነትን ጥያቄ ከተማሪው አመራረጥ እስከ መመረቂያው ጽሑፍ ግምገማ ድረስ ባለው ሂደት ውስጥ ማስገባት ነው። በዚህ መንገድ የምርምሩ ዕቅድ በመምሪያው ፊት በሚቀርብበት ጊዜ ተማሪው፣ የትምህርቱ ዘርፍ ምንም ይሁን ምን፣ ለሚከተሉት አራት ጥያቄዎች መልስ እንዲያዘጋጅ ይደረጋል።

1ኛ/ ጥናቱ የሚመለከተው ሀብት ወይም ማኅበራዊ ጉዳይ ባለፉት ዓመታት እንዴት ተለዋውጧል? ወደፊትስ ወዴት ያመራል?

2ኛ/ ከታሰበው ለውጥ የሚጠቀመው ማነው? የሚጎዳውስ ማነው?

3ኛ/ ጥያቄው ሙሉ መልስ እንዲያገኝ ከተማሪው ሙያ ውጭ የየትኞቹ ሙያዎች እውቀት ያስፈልጋል?

4ኛ/ ተማሪው ከተመረቀ በኋላ ውጤቱን ተረክቦ የሚሠራበት ወይም ክትትሉን የሚቀጥለው ማነው?

እነዚህ ጥያቄዎች ለእርሻና ለአካባቢ ሳይንስ ተማሪዎች ብቻ የሚቀርቡ አይደሉም። የሕግ፣ የቋንቋ፣ የትምህርትና የምህንድስና ተማሪም ሊመልሳቸው ይችላል። ለምሳሌ ስለ መንገድ ሥራ የሚያጠና የምህንድስና ተማሪ የጎርፉ ውሃ ከቦዩ ወጥቶ በማን ማሳ ላይ እንደሚወርድ፣ ከአሥር ዓመት በኋላም የመንገዱን ጥገና ማን እንደሚሸከም እንዲያስብ ይገደዳል።

አብነት፤ የሐሮማያ ተፋሰስ

ይህ ሦስተኛው መንገድ በተግባር ምን እንደሚመስል ለመረዳት ወደ ሐሮማያ ሐይቅ መመለስ ይጠቅማል።

የሐይቅ ሒሳብ የጎተራን ሒሳብ ይመስላል። በዝናብ፣ በጅረትና በከርሰ ምድር በኩል የሚገባው ውሃ፣ በትነት፣ በመስኖና በመጠጥ ውሃ አቅርቦት ከሚወጣው ካነሰ ክምችቱ ይጎድላል። በሐሮማያ በሁለቱም በኩል ችግር ነበር። በዙሪያው ያሉት ኮረብቶች ደናቸው ተመንጥሮ ስለታረሱ የዝናቡ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወደ ሐይቁ ያስገባ ነበር። ደለሉ የሐይቁን ጥልቀት ቀነሰው። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ደግሞ ካለው ውሃ መጠን ጋር ሲነጻጸር ለፀሐይ የሚያጋልጠው ገጽ ሰፊ ስለሆነ፣ ከውሃው በትነት የሚያጣው ድርሻ ከፍ ይላል። በዚያው ልክ የሐረር ከተማ ሕዝብ ሲበዛ የመጠጥ ውሃው ፍላጎት ጨመረ፤ በሞተር ፓምፕ የሚያጠጣውም ገበሬ ተበራከተ።

ይህን ሐይቅ አራት የዶክትሬት ተማሪዎች፣ እያንዳንዳቸው በየሙያቸው፣ ሊያጠኑት ይችላሉ እንበል። የውሃ ምህንድስና ተማሪው የሚገባውንና የሚወጣውን ውሃ ለክቶ ሐይቁ መቼ እንደሚደርቅ ይተነብያል። የአፈር ሳይንስ ተማሪው ከየኮረብታው የሚታጠበውን አፈር መዝኖ እርከን እንዲሠራ ያሳስባል። የኢኮኖሚክስ ተማሪው አነስተኛ መሬት ያለው ገበሬ ጫት ለምን እንደሚመርጥ ያስረዳል፤ ገበያው ቅርብና የማያቋርጥ፣ ገቢውም ከእህሉ የበለጠ ነውና። የሕግ ተማሪው ደግሞ የሐይቁን ውሃ ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል ሊወስድ እንደሚችል የሚወስን በተግባር የሚሠራበት ደንብ መኖር አለመኖሩን ይመረምራል።

አራቱም ጥናቶች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ለየብቻቸው ከቆሙ አንዳቸውም ሐይቁን አያድኑም። የመጀመሪያው ፓምፕ ይቀነስ ቢል፣ የገበሬው ቤተሰብ በምን ይተዳደር ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ሁለተኛው እርከን ይሠራ ቢል፣ በኮረብታው ላይ የሚደክመው ገበሬ ከሐይቁ ዳር የማያጠጣ ስለሆነ ስለምን እንደሚደክም አያስረዳም። ሦስተኛው የጫቱን ትርፍ ቢያሰላ፣ ውሃው ሲያልቅ ትርፉም እንደሚያልቅ የሚያመለክተውን መለኪያ ከመጀመሪያው ተማሪ ካልወሰደ ሒሳቡ ጎደሎ ነው። አራተኛው ጥሩ ደንብ ቢያረቅ፣ የሚፈቀደውን የውሃ መጠን የሚነግረው ከሌለ ደንቡ ባዶ ቃል ይሆናል።

እነዚሁ ተማሪዎች በአንድ ተፋሰስ ላይ በቡድን ቢመደቡ ግን ሁኔታው ይለወጣል። እያንዳንዱ ለማዕረጉ የሚያበቃውን የራሱን ጽሑፍ ይጽፋል፤ መረጃውን ግን በጋራ ይሰበስባሉ። በየወሩ በአንድ ጉባኤ እየተገናኙ የአንዱን ግኝት በሌላው ጥያቄ ይፈትኑታል። በእያንዳንዱ ጽሑፍ መጨረሻም በጋራ የተዘጋጀ አንድ ምዕራፍ ይገባል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአበው ብሂል በምርምርም ሥፍራ አለው። ከቡድኑ የሚወጣው ምሁር ሌላ ሙያ ያለውን ሰው አዳምጦ የመሥራት ልምድ ይዞ ይወጣል፤ ይህ ልምድ ደግሞ በኋላ ዘመን በሚይዘው ኃላፊነት ሁሉ ይከተለዋል።

ለዚህ ዓይነቱ አሠራር መነሻ የሚሆን ሁኔታ በአገሪቱ አለ። በ2016 በዓለም ባንክ ርዳታ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ አገሮች በተጀመረው የልሕቀት ማዕከሎች ፕሮግራም ውስጥ ኢትዮጵያ አራት ማዕከሎች አግኝታለች። ከእነዚህ መካከል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የውሃ አስተዳደርን፣ በሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለአየር ንብረት ተስማሚ እርሻንና የብዝኃ ሕይወት ጥበቃን የሚመለከቱት ይገኙባቸዋል። ማዕከሎቹ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን በአንድ ችግር ዙሪያ ለማሰባሰብ የተቋቋሙ ናቸው።

የሚያጋጥሙ ችግሮችና ተቃውሞዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚሰነዘረው ዋነኛ ተቃውሞ የዶክትሬት ትምህርት ዓላማ አዲስ እውቀት ማፍለቅ እንጂ የልማት ሥራ ማካሄድ አይደለም የሚል ነው። ተቃውሞው ክብደት አለው። በ2005 በኦስትሪያ በሳልዝበርግ ከተማ ስለ ዶክትሬት ትምህርት የመከሩ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ያስቀመጡት የመጀመሪያው መርሕ፣ የዚህ ትምህርት እምብርት በራስ በተደረገ ምርምር እውቀትን ማሳደግ ነው የሚል ነበር። የዘላቂነት ጥያቄ የምርምሩን ጥራት የሚቀንስ ከሆነ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። በጥሩ ዓላማ የተጻፈ ደካማ ጥናት ደካማ ጥናት ነው፤ በእርሱ ላይ የቆመ ዕቅድም ይፈርሳል። ስለሆነም ውሕደቱ የመመዘኛውን ደረጃ ዝቅ ለማድረግ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ሁለተኛው ችግር የጊዜ ነው። የዶክትሬት ትምህርት የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ዓመታት ብቻ ሲሆን፣ የደን ማገገምም ሆነ የሐይቅ መሙላትና መጉደል ግን አሥርና ሃያ ዓመት ይወስዳል። አንድ ተማሪ ይህን ሁሉ ሊከታተል አይችልም። መፍትሔው ተቋሙ በአንድ ቦታ ላይ ቋሚ የመረጃ መዝገብ እንዲይዝና ተከታታይ ተማሪዎች አንዱ ካቆመበት ሌላው እንዲቀጥል ማድረግ ነው። የኢትዮጵያን ዕፅዋት መዝግቦ ለማሳተም በ1980 የተጀመረው ሥራ በ2009 የተጠናቀቀው ብዙ ምሁራን ለሠላሳ ዓመት ያህል እየተቀባበሉ ስለሠሩት ነው።

ሦስተኛው የአማካሪዎች እጥረት ነው። ፕሮግራሞች ሲበዙ አንድ አማካሪ ብዙ ተማሪዎችን ይይዛል። ከተለያዩ መምሪያዎች ሁለት አማካሪዎች ለአንድ ተማሪ ይመደቡ ሲባል ሸክሙ ይጨምራል። የደረጃ ዕድገት የሚገኘው በየሙያው መጽሔት በሚታተም ጽሑፍ ብቻ ከሆነም፣ ለጋራ ሥራ ጊዜውን የሚያውል መምህር ይጎዳል። ስለዚህ የጋራ ምክርና የጋራ ምርምር በመምህራን የሥራ ምዘና ውስጥ ሊቆጠር ይገባል።

አራተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። የመመረቂያው ጽሑፍ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ተጽፎ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የጥናቱን ጥያቄ የመለሰው ገበሬ፣ ማሳውን ያስለካው ሽማግሌ፣ ሪፖርቱን ሊጠቀምበት የሚገባው የወረዳ ሠራተኛ መልሱን አያገኙትም። ከሰው የወሰዱትን መልሶ መስጠት የጨዋነት ወግ ነው። በመሆኑም እያንዳንዱ የዶክትሬት ጽሑፍ ጥናቱ በተካሄደበት አካባቢ የሥራ ቋንቋ፣ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ፣ በትግርኛም ሆነ በሶማሊኛ፣ ግልጽ የሆነ አጭር መግለጫ እንዲኖረውና ለወረዳው ጽሕፈት ቤትና ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች እንዲደርስ ቢደነገግ፣ በትንሽ ወጪ ብዙ ጥቅም ይገኛል።

የዕቅድ ሰዎችና የመምህራን ድርሻ

የዕቅድ ሰዎች በዚህ ረገድ ያላቸው ድርሻ ከፍ ያለ ነው። የምርምር ገንዘብ ለየተማሪው ተበታትኖ በሚሰጥበት ጊዜ ተበታትኖ የሚቀር ጥናት ይወለዳል። ከገንዘቡ የተወሰነው እጅ እንኳ ለተፋሰሶች፣ ለከተሞችና ለሌሎች የጋራ ችግሮች በቡድን ቢመደብ የምርምሩ አደረጃጀት ራሱ ወደ ኅብረት ያመራል። ከዚህም ሌላ የዕቅድ መሥሪያ ቤቶች መልስ የሚሹባቸውን ጥያቄዎች በየጊዜው ለዩኒቨርሲቲዎች ቢያሳውቁ፣ ተማሪው ርእስ ሲመርጥ የሚያማትርበት አድማስ ይሰፋለታል። ይህ ሲባል ግን የምርምር ጥያቄ ሁሉ ከመሥሪያ ቤት ይምጣ ማለት አይደለም። በአድዋ ወንዝ ዳር የታዩትን የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ማንም መሥሪያ ቤት አላዘዘም። ተመራማሪው የራሱን ጥያቄ የመጠየቅ ነጻነቱ ሊጠበቅለት ይገባል።

የትምህርት ቤት መምህራንም ድርሻ አላቸው። መምህሩ በየቀበሌው የሚገኝ የተማረ ሰው ነው፤ ተመራማሪው ለጥቂት ሳምንታት መጥቶ ሲመለስ መምህሩ በዚያው ይኖራል። የሳይንስ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ የዝናቡን መጠን በቀላል መለኪያ በየዕለቱ ቢመዘግብ፣ የምንጩን ውሃ በየወሩ አንድ ባልዲ ለመሙላት በሚወስደው ጊዜ ቢለካ፣ የጂኦግራፊ መምህሩም አዛውንቶችን እየጠየቀ የሐይቁ ዳርቻ በየዘመኑ የት እንደነበረ በንድፍ ቢያስቀምጥ፣ ከዓመታት በኋላ ለተመራማሪ ዋጋው ከፍ ያለ መዝገብ ይገኛል። ልኬቱ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓትና በአንድ ዓይነት ዕቃ መደረግ ይኖርበታል፤ የተዘለለ ቀን ቢኖር በግምት ከመሙላት ባዶውን መተው ይሻላል። ተማሪዎቹም ሳይንስ ማለት ከመጽሐፍ የሚሸመደድ ነገር ሳይሆን በትዕግሥትና በእውነት የሚከናወን ሥራ መሆኑን በልጅነታቸው ይረዳሉ።

በአንጻሩ የዶክትሬት ተማሪው ወደ አንድ አካባቢ ሲሄድ የመጀመሪያ ጉብኝቱን በትምህርት ቤቱ ቢያደርግ፣ የመጨረሻውንም ውጤቱን በዚያው ለመምህራንና ለተማሪዎች ቢገልጽ፣ ለመምህሩ የማስተማሪያ መሣሪያ፣ ለልጆቹም አርአያ ይሆናል። በዚህ አኳኋን ከፍተኛው የትምህርት ደረጃና መሠረታዊው ደረጃ ይገናኛሉ።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተብራራው ዘላቂ ልማትን ከዶክትሬት ትምህርት ጋር ማዋሐድ አንድ ትምህርት በመጨመር ወይም አንድ ቃል በርእስ ላይ በመጻፍ የሚፈጸም አይደለም። ጥያቄው የሚመረጥበትን፣ ተማሪው የሚመከርበትን፣ መረጃው የሚያዝበትን፣ ጽሑፉ የሚመዘንበትንና ውጤቱ ለሕዝብ የሚመለስበትን ሥርዓት መለወጥ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ የምርምርን ጥልቀት ሳይነካ ሊፈጸም እንደሚችል ከአገሪቱ ልጆች ሥራ መረዳት ይቻላል።

በሐሮማያ በቅርብ ዓመታት በተፋሰሱ በተደረገው የአፈርና የውሃ ጥበቃ ሥራና በጥሩ ዝናብ እየታገዘ ውሃ ወደ ሐይቁ ወለል ተመልሶ ታይቷል። ይህ የሚያስደስት ነገር ነው። ነገር ግን ሐይቁን ያደረቁት ምክንያቶች ሁሉ ተወግደዋል ማለት አይደለም። ገበሬው አሁንም ገቢ ይሻል፤ የከተሞቹ ሕዝብ አሁንም ይጨምራል፤ የኮረብታው አፈር አሁንም ጥበቃ ያስፈልገዋል። የተመለሰው ውሃ ይቆይ ዘንድ የሚገባውንና የሚወጣውን በየዓመቱ የሚለካ፣ የሚለካውንም ለሚወስኑት ሰዎች በሚገባቸው ቋንቋ የሚያስረዳ ባለሙያ ያስፈልጋል። ይህን ባለሙያ የማውጣቱ ተግባር በዩኒቨርሲቲዎች፣ በዕቅድ መሥሪያ ቤቶችና በትምህርት ቤቶች ላይ በጋራ የወደቀ ነው።